በቶኪዮ ሣር ላይ የታየው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ

ኦክቶበር 21 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም የሆነውን የማያውቅ የስፖርት ቤተሰብ የለም። አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ገባ። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ሲደርስ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር። የጃፓን ባንድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀው የራሱን አገር መዝሙር መታ፣ ይኼም የታወቀ ወሬ ነው። ብዙ ያልተወራለት በመሀል የተፈጠረው ነገር ነው። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ እያሉ አበበ ወደ ሜዳው መሀል ገብቶ ስፖርት መሥራት ጀመረ። እጁን ዘረጋ፣ ወገቡን አጎነበሰ፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ አንቀሳቀሰ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንቱ ነው! ስታዲየሙን የሞላው ጃፓናዊ ማመን አቃተው።

ዓለም ያንን እንደ ተአምር አየው። ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ነገሩን ያውቀዋል። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ማለት ያ ነው፣ ከማራቶን በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እንቅስቃሴውን ያስለመደው አሰልጣኝም ወደዚህ አገር የመጣው የማራቶን ጀግና ሊያወጣ ሳይሆን ስፖርት ሊያስተምር ነበር፤ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን።

ኒስካነን በ1910 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ግን ስዊድን ነው፤ ዜግነቱም ስዊድናዊ ሆነ። በወጣትነቱ ሯጭ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በኖቬምበር 1939 ፊንላንድን ስትወር በፈቃዱ ዘምቶ ለተወለደባት አገር ተዋግቷል። እናም በ1946 አዲስ አበባ ሲደርስ ወታደርም ስፖርተኛም ነበር። ዘመኑ ስዊድናውያን በኢትዮጵያ ጎላ ብለው የሚታዩበት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትን የመሩት እነሱ ነበሩ፣ ከነፃነት በኋላም ለክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችና ለአየር ኃይሉ አሰልጣኝ ሆነው ተመልሰዋል። ኒስካነንም የተቀጠረው ዕጩ መኮንኖቹን ስፖርት እንዲያሠራ ነው። ቆየት ብሎ ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ኃላፊነት ተሰጠው።

እንግዲህ አገሪቱ ያኔ ምን ላይ እንደነበረች ማሰብ ነው። ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ወራሪው የተማረውን ሰው ፈጅቶት ሄዷል፣ ትምህርት ቤቶች ከዜሮ እየተነሱ ነው። የሒሳብና የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንኳ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝና ከህንድ የሚመጣበት ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ስፖርት በትምህርት ሰዓት ይሰጥ ቢባል ማን ይሰማል? ልጁን ፊደል እንዲቆጥር የላከ ወላጅ ሜዳ ላይ ሲዘል ቢያገኘው ደስ አይለውም።

የስዊድኖቹ ዘዴ ግን ለድሃ አገር የሚመች ነበር። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የሚባል ስዊድናዊ በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከፍቶ አንድ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ ሰልፍ፣ ፊሽካ፣ የእጅ፣ የወገብና የእግር እንቅስቃሴ፣ በሥርዓት አተነፋፈስ። በአንድ አስተማሪ አርባም መቶም ልጅ ይሠራበታል። ኳስ አይፈልግ፣ መረብ አይፈልግ፣ ጫማ አይፈልግ። ሜዳና ድምፅ ይበቃዋል። በዓለም ዙሪያ ትምህርት ቤቶች የተቀበሉትም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ ተጠንቀቅ፣ አሳርፍ እየተባለ የሚሠራው ስፖርትም ከዚያ ዘር ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

የኳስ አፍቃሪ ይኼ እኔን ምን አገባኝ ሊል ይችላል። ያገባዋል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ የበቀለው በክለብ አካዳሚ ሳይሆን በትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ራሱ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ኢትዮጵያ በ1962 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ተማሪው በየትምህርት ቤቱ ለክፍሉ የሚጋጠምበት ዘመን ነው።

ችግሩ ሜዳው ጥቂት ልጅ ጋ ብቻ መድረሱ ነበር። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ፊሽካ ሰምቶ የሚሰለፈው በአብዛኛው የአዲስ አበባና የትላልቅ ከተሞች ተማሪ ነው። እንደ ጉንችሬ ባለ የጉራጌ ከተማ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ስፖርቱን የሚያገኘው ከጓደኛው ጋር ሲታገል፣ ከብት ሲያባርር፣ ለገና ደግሞ ሩሩን ሲመታ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ ለአገራቸው መንገድና ትምህርት ቤት ማሠራት ሲጀምሩ ነው ነገሩ ቀስ እያለ መለወጥ የያዘው። መንገድ ከሌለ አስተማሪ አይመጣም፣ አስተማሪ ከሌለ የፊሽካውን ነገር ማንሳትም አይቻል።

ኒስካነንን ስም ያሰጡት ልጆችም ከትምህርት ቤት አልወጡም። ይኼ የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ነው። አበበ ቢቂላ ከጃቶ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር የሆነ ሰው ነው። ማሞ ወልዴም ክብር ዘበኛ ነበር። ትምህርት ቤት ያልደረሰበትን የገጠር ልጅ ሰፈሩ ድረስ ሄዶ ያመጣው ጦሩ ነው፣ የስፖርት አስተማሪውም እዚያ ጠበቀው። ኒስካነን ሥራውን በትዕግሥት ሠራ። የስዊድን አሰልጣኞች ያወጡትን ፋርትሌክ፣ ማለትም ፍጥነትን እያፈራረቁ መሮጥን አስለመዳቸው፣ ሰዓት እየያዘ መዘገበ። አበበ በጫማና በባዶ እግር ሲሮጥም ለክቶ ነበር፣ በባዶ እግሩ አልተጎዳም።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ የታየው የዚያ ውጤት ነው። ዋሚ ቢራቱ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነው አበበ የተተካው የሚለው ወሬ በእኛ አገር እንደ ተረት ይነገራል። ኳስ ወዳዱ ጥፋቱን ባይወስድ ይሻላል፤ ታሞ ነው የሚሉም አሉ። አበበ ግን አዲስ አበባ ላይ በማራቶን ጥሩ ሰዓት አስመዝግቦ የሄደ ሰው እንጂ ከመንገድ የተጠራ አይደለም። አሰልጣኙና ሯጩ መንገዱን አስቀድመው አይተውት ነበር። የአክሱም ሐውልት የቆመበትን፣ ሞሶሊኒ ያስወሰደውን፣ ያንን ቦታ ለመጨረሻው ማምለጫ መረጡት። እዚያ ሲደርስ አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ ሄደ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በሜክሲኮ 1968 አበበ በጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያቋርጥ ማሞ ወርቁን አመጣ። ማሞ በ1956 ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው ያላለፈ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆ አሸነፈ። ያንን ሁሉ ዓመት አንድን ሰው አለመጣል ለአሰልጣኝ ቀላል ነገር አይደለም።

በማርች 1969 አበበ በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ሰውነቱ ግማሹ ቢቀር በቀረው ስፖርት መሥራቱን አልተወም። ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ ሞተ።

ኒስካነን በኢትዮጵያ ከስፖርት ሌላ በቀይ መስቀልና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በመርዳት ሥራም ሠርቷል። ስሙ በየመጽሐፉ የአበበ አሰልጣኝ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ የትምህርት ሚኒስቴሩን ቢሮ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሰዓት መያዣው ከፊሽካው በለጠ። በየትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ የሚሰጠው፣ ወይም አንድ ኳስ ለስልሳ ልጅ ተወርውሮ አስተማሪው ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ነገር እሱ ካሰበው ጋር ይገጥም ይሆን? አይመስልም። መቼም ኳስ ጠላ ማለት አይደለም፣ ግን ኳሱ ጋ የሚደርሱት አሥሩ ናቸው። ሃምሳው ቆሞ ያያል። በሰልፉ ግን ሁሉም ይሠራ ነበር።

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን በማርች 1984 እ.ኤ.አ. በ73 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ክረምት የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ከሶቪየት ጎን ቆማ ስለቀረች አንድም ሯጭ አልላከችም።