ሬቸል ካርሰንና የወንዝ ነፍሳት ምስክርነት

ወንዝ ሲመረዝ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ይመስላችኋል? ከታች ውሃ የሚቀዳው ሰው እንዳይመስላችሁ። በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ናቸው። ይህን ለሰፊው ሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ካስረዱት አንዷ አሜሪካዊቷ ባዮሎጂስት ሬቸል ካርሰን ነች።

ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1907 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ስፕሪንግዴል በምትባል ከተማ ተወለደች። ኮሌጅ የገባችው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልትማር ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ባዮሎጂ ዞረች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ሁለተኛ ዲግሪዋን አግኝታ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ሠራች። በ1951 ስለ ባሕር ያሳተመችው መጽሐፍ ስሟን ስላስጠራው በቀጣዩ ዓመት ሥራዋን ለቃ ወደ ጽሕፈት ገባች።

በ1962 ባወጣችው «ሳይለንት ስፕሪንግ» (ጸጥ ያለው ጸደይ) የካናዳውን ሚራሚቺ ወንዝ ታሪክ ጽፋለች። በ1954 ዛፍ የሚያራቁት ትል ለማጥፋት ተብሎ በኤከር ግማሽ ፓውንድ ዲዲቲ (በሀገራችንም ለወባ መከላከያ ይረጭ የነበረው) ከአውሮፕላን ተረጨ። አብራሪዎቹ ወንዝ ላይ ሲደርሱ እንኳ መርጫውን አልዘጉም። የዓሣ ተመራማሪዎች ግን ከ1950 ጀምሮ የወንዙን ሳልመን ያጠኑ ስለነበር ማነጻጸሪያ ነበራቸው። ካዲስፍላይና ስቶንፍላይ የተባሉት ነፍሳት እጮች አለቁ። በዚያ ጸደይ የተፈለፈሉት የሳልመን ጫጩቶችም በነሐሴ አንድም አልተገኙም። ጥቃቅን ነፍሳት በወራት ውስጥ ሲመለሱ ትልልቆቹ ግን ዓመታት ፈጀባቸው፤ ስለዚህ ከመርዙ የተረፈው ዓሣም ምግብ አጣ።

ታዲያ ነፍሳቱ ለምን ይጠቅማሉ? መርዙ በዝናብ ታጥቦ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ ነገ የሚቀዳው ናሙና ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። እጮቹ ግን ወራትና ዓመታት እዚያው ስለሚኖሩ የጠፋው ዝርያ ያለፈውን ይናገራል። በ2005 በጀርመን ተመራማሪዎች የቀረበው «ስፒር» የተባለ መለኪያም ዝርያዎችን ለፀረ-ተባይ ባላቸው ተጋላጭነት እየለየ ይህንኑ ይሠራል።

ካርሰን መጽሐፉን የጨረሰችው በጡት ካንሰር እየተሠቃየች ነበር፤ ሕመሟንም ከሕዝብ ደብቃ ያዘች። የኬሚካል አምራቾች ዘመቱባት፤ በ1963 ግን የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ ሥጋቷን ደገፈ። በ1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ለአብዛኛው አገልግሎት ስታግድ እሷ አላየችም።

እኛም የባዮሎጂ ተማሪዎች ወንዝ ስንወርድ ጠርሙስ ብቻ ይዘን አንመለስ፤ ድንጋዩንም ገልበጥ አድርገን እንይ።