ኮሜኒዩስ፤ በኀዘን ያልተሰበረ መምህር

መከራ በሚወርድበት ጊዜ ወደ እግዚአብሔር የማይጮኽ ልብ ጥቂት ነው። ነገር ግን በእምነት የሚገኘው መጽናናት ለሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይም። አንዱ ሰው በእምነቱ ከዓለም ተሸሽጎ ያርፍበታል፤ ሌላው ዕንባውን ጠርጎ ወደ ተወው ሥራ የሚመለስበትን ኀይል ያገኝበታል። የዘመናዊ ትምህርት አባት እየተባለ የሚጠራው ያን አሞስ ኮሜኒዩስ ሁለቱንም መንገድ በሕይወቱ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ታሪኩ የማስተማርን ዘዴ ከማስረዳቱም በላይ፥ አስተማሪ የራሱን ኀዘን ተሸክሞ በተማሪዎች ፊት እንዴት ሊቆም እንደሚችል ያሳያል።

ኮሜኒዩስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 28 ቀን 1592 ዓ.ም. ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል በሆነችው በሞራቪያ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ወላጆቹ የወንድሞች አንድነት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1415 በእሳት ተቃጥሎ ከሞተው ከያን ሁስ ትምህርት የበቀለች፥ ቊጥሯ ትንሽ ብትሆንም መጽሐፍ ቅዱስን በቼክ ቋንቋ አስተርጒማ ያሳተመች፥ ምእመናኗ እንዲያነቡ የምትተጋ ነበረች።

ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱም እናቱም ሞቱበት። በዘመድ ቤት አደገና የላቲን ትምህርት ቤት የገባው ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው። ጓደኞቹ ሕፃናት ሲሆኑ እርሱ ጐልማሳ ነበረ። በዚያን ዘመን ትምህርት ማለት ትርጒሙ ያልገባን ሰዋስው በቃል መሸምደድ፥ ላልያዘውም በዱላ መመታት ነበረ። ኮሜኒዩስ ዘግይቶ በመግባቱ የትምህርቱን ጒድለት በአዋቂ ዐይን ለማየት ቻለ፤ ያየውንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም።

በጀርመን አገር በሄርቦርንና በሃይደልበርግ ከተማረ በኋላ በ1614 ወደ አገሩ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ። በ1616 ክህነት ተቀበለ፤ በ1618ም ፉልኔክ በምትባል ከተማ የምእመናን እረኛና የትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ማግዳሌና የምትባል ሴት አግብቶ ትዳሩን አቆመ። ኑሮው ገና መልክ መያዝ ሲጀምር፥ በዚያው ዓመት በፕራግ ከተማ ከጊዜ በኋላ የሠላሳ ዓመት ጦርነት የተባለው እሳት ተጫረ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1620 ነጭ ተራራ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ የቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች በሀብስቡርጉ ንጉሠ ነገሥት ጦር ድል ተመቱ። በተከታዩ ዓመት ወታደሮች ፉልኔክን ዘረፉ። ኮሜኒዩስ እንደ ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ይፈለግ ስለ ነበረ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ተሸሸገ። በ1622 ቸነፈር ገብቶ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወሰደበት። በሚቀጥለው ዓመት መጻሕፍቱ በከተማው አደባባይ ተቃጠሉ። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ወላጆቹን፥ ሚስቱን፥ ልጆቹን፥ ቤቱን፥ መንጋውንና መጻሕፍቱን ያጣ ሰው ሆነ። የኢዮብን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ይህን መከራ ያውቀዋል።

የጭንቅ ዘመኑን ካርል ዘ ዤሮቲን በተባለ መኰንን ርስት ላይ ተጠግቶ አሳለፈ። በዚያም ብዕሩን አነሣ። ከጻፋቸው መካከል ኀዘንተኛው የሚባለው መጽሐፍ አንዱ ነው። በዚህ መጽሐፍ ልቡ የተሰበረን ሰው አስቀድማ የምታጽናናው ምክንያትን የምትመረምር አእምሮ ናት፤ ብዙ ትናገራለች፥ ነገር ግን ቊስሉን ልታሽረው አትችልም። ከእርሷ በኋላ እምነት ትመጣለች፤ በመጨረሻም ክርስቶስ ራሱ ይናገረዋል። መጽሐፉ ኀዘንተኛውን ስለ ማልቀሱ አይወቅሰውም፤ ሙሾውን እስኪጨርስ ይታገሠዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያስተዛዘነ ሰው የዚህን ጥበብ ያስተውላል።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1623 የተጻፈው የዓለም ጠመዝማዛ መንገድና የልብ ገነት ነው። አንድ መንገደኛ ዓለምን እንደ አንድ ከተማ እየዞረ ይመለከታል። መሪዎቹ የሚያታልል መነጽር በዐይኑ ላይ አድርገውለታል፤ እርሱ ግን በመነጽሩ ጠርዝ እያሾለከ የነጋዴውንም፥ የሊቁንም፥ የሹሙንም ከንቱነት ያያል። ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ወደ ልቡ ቤት ተመልሶ በሩን ይዘጋል፤ በዚያም ጌታውን ያገኛል። ታሪኩ ግን በተዘጋው በር አያበቃም። መንገደኛው አዲስ መነጽር ተሰጥቶት ያንኑ ዓለም እንደ ገና እንዲያይ ይደረጋል። የኮሜኒዩስ ቀሪ ዘመን ሁሉ የዚህ ምሳሌ ፍጻሜ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1624 ዶሮታ የምትባል ሴት አገባ። በ1627 የካቶሊክን ሃይማኖት ያልተቀበለ ሁሉ ከቦሄሚያ እንዲወጣ ዐዋጅ ስለ ወጣ፥ በ1628 በክረምት ተራራውን ተሻግሮ በፖላንድ አገር ሌሽኖ በምትባል ከተማ ከስደተኞች ወገኖቹ ጋራ ሰፈረ። ያን ጊዜ የነበረው ተስፋ ቶሎ ወደ አገር መመለስ ነበረ። የተመለሰ ቀን በፈረሰችው አገር አስቀድሞ የሚሠራው ትምህርት ቤት ነው ብሎ ስላመነ፥ ለዚያ ቀን የሚሆነውን የትምህርት ሥርዐት ማዘጋጀት ጀመረ። ታላቁ ዲዳክቲካ የሚባለው መጽሐፉ የተፀነሰው በዚህ ተስፋ ነው። ወንድም ሴትም፥ ባለጠጋም ድኻም ሳይለይ ሁሉ እንዲማር፤ ትምህርት ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲሄድ፤ ከቃሉ በፊት ነገሩ እንዲታይ፤ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጀምር፤ ትምህርት ቤት የፍርሀት ስፍራ እንዳይሆን አስተማረ። በ1631 ያወጣው የላቲን መማሪያ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጒሞ ስሙን በአውሮፓ ሁሉ አስጠራው።

በ1641 ወደ ለንደን ተጠርቶ ሄደ፤ በእንግሊዝ አገር ሁከት ስለ ተነሣ በተከታዩ ዓመት ወደ ስዊድን ተሻገረ። ከዚያም ለስዊድን ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ሲጽፍ ቈየ። የደከመበትም አንዱ ምክንያት ስዊድን በጦርነቱ ፍጻሜ ለስደተኞቹ ትሟገታለች የሚል ተስፋ ነበረ። በ1648 ሰላም ሲፈረም ግን የቦሄሚያ ስደተኞች ተረሱ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ዶሮታ ሞተች፤ በዚያው ዓመትም አገር ለሌላት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነ። በ1650 ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትሞት እናት ለልጆቿ የምትናዘዝበትን ጽሑፍ አወጣ። ኑዛዜውን ከጻፈ በኋላም አልተቀመጠም፤ በዚያው ዓመት በሃንጋሪ ሻሮሽፓታክ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሄዶ እስከ 1654 አስተማረ፤ ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን በጨዋታና በትያትር እንዲማሩ አደረገ። ያለፈውን መቅበርና የሚመጣውን መትከል በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር።

ወደ ሌሽኖ ከተመለሰ በኋላ የከፋው ቀን መጣ። ስዊድን ፖላንድን በወረረች ጊዜ ኮሜኒዩስ የስዊድንን ንጉሥ የሚያወድስ ጽሑፍ ጽፎ ስለ ነበረ የፖላንዶች ቍጣ በረታ። በአፕሪል 1656 ከተማዪቱ ተቃጠለች። ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ዐመድ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 64 ዓመት ነበር።

የዚህ ሰው ድካም ሊሸሸግ አይገባም። በኀዘኑ ብዛት የጠላቶቹን መንግሥት መውደቅና የስደተኞቹን መመለስ የሚተነብዩ ሰዎችን አመነ፤ ትንቢታቸውንም በ1657 ሰብስቦ አሳተመ። የተተነበየው አልደረሰም፤ ሊቃውንትም ነቀፉት። ቀንና ሰዓት ቈርጦ መከራን አነሣለሁ የሚል ተስፋ ለኀዘንተኛ ሲጣፍጥ፥ ቀኑ ባለፈ ጊዜ ግን ይመራል። ኮሜኒዩስን እስከ መጨረሻው የደገፈው መጽናናት ቀን አልቈረጠለትም፤ በየማለዳው ለአንድ ሕፃን የሚጠቅም ነገር እንዲሠራ ብቻ አስነሣው።

የዚህም ምስክር ከእሳቱ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1658፥ በኑረንበርግ የታተመው በሥዕል የታየ ዓለም የሚባለው መጽሐፉ ነው። መቶ ኀምሳ ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱም በሥዕል ተደግፎ በላቲንና በጀርመን ቋንቋ የተጻፈ ነው። ፊደሉን ሕፃኑ በእንስሳት ድምፅ እንዲለይ አድርጓል። ስለ እግዚአብሔር ጀምሮ በመጨረሻው ፍርድ ይፈጸማል፤ በመካከሉ ዳቦ ጋጋሪው፥ አንጥረኛው፥ ወፉና ዛፉ አሉ። መነጽሩን የለወጠው መንገደኛ ያየው ዓለም ይህ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑን በአምስተርዳም በወዳጆች ቤት ተጠግቶ አሳለፈ። በ1668 አስፈላጊው አንድ ነገር በተባለው መጽሐፉ የሕይወቱን መባከን ሁሉ ተናዘዘ፤ ሳይፈጸሙ ስለ ቀሩት ምኞቶቹም ጭምር እግዚአብሔርን አመሰገነ። ኖቬምበር 15 ቀን 1670 አረፈ፤ በሆላንድ አገር ናርደን በምትባል ከተማ ተቀበረ። አገሩን ተመልሶ አላያትም። ስለ ሰው ልጅ ነገር መታደስ የጻፈው ታላቅ ሥራ ጠፍቶ ሲኖር በ1930ዎቹ በጀርመን ከተማ በሃለ ተገኘ። ዛሬ በቼክና በስሎቫክ ምድር የመምህራን ቀን የሚከበረው እርሱ በተወለደበት በማርች 28 ነው።

አስተማሪ እንደ ማንኛውም ሰው ያዝናል፤ ቤቱ ሙሾ ሳለም ደወል ይደወላል፥ ሕፃናትም ይገባሉ። የኮሜኒዩስ ሕይወት ኀዘንን ረስቶ ወደ ክፍል መግባት ይቻላል አይልም፤ እርሱ ኀዘኑን ከቶ አልረሳም። በእምነት የሚጽናና ሰው በሩን ዘግቶ ሊያለቅስ ይገባዋል፤ መጽናናቱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን በሩን እንደ ገና ከፍቶ ሲወጣ፥ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውንም ሕፃን በእጁ ሲይዝ ነው።