የበርናዴት መቁጠሪያ

ባለፈው እሑድ ከመርሐ ግብራችን በኋላ በአዳራሹ በራፍ ቆመን ስንጫወት መቁጠሪያዎቻችንን ከየኪሳችንና ከየአንገታችን እያወጣን መተያየት ጀምረን ነበር። አንዱ ከኢየሩሳሌም የመጣለትን የወይራ እንጨት፣ ሌላይቱ እንደ ብር የሚያብለጨልጨውን፣ ሌላው ደግሞ እንደ ሐብል በአንገቱ ያጠለቀውን ባለ መስታወት ፍሬ አሳየ። ከመካከላችን አንዲት እኅት ግን የእርሷን ከቦርሳዋ በከፊል አውጥታ መልሳ ከተተችው። በኋላ ብቻዋን ሳገኛት፣ ሴት አያቷ በጥቁር ክር የሰኩላት ተራ የእንጨት ፍሬ መሆኑንና በዚያ ሁሉ ጌጥ መካከል ማውጣቱ እንዳሳፈራት ነገረችኝ። እኔም ለዚህ የመቁጠሪያ ወር ጽሑፍ አዘጋጅ ተብዬ ርእስ ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ ነበርና፣ በዚያው ስለ ቅድስት በርናዴት ልጽፍ ቆረጥሁ። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርናዴት ሱቢሩ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ሥር በምትገኘው በሉርድ ከተማ ጃንዋሪ 7 ቀን 1844 ተወለደች። አባቷ ፍራንስዋ ባለ ወፍጮ ሲሆን እናቷ ሉዊዝ ትባል ነበር። ለሁለቱም የበኵር ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ቤታቸው የሚጐድለው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ዕዳ በዛ፣ በ1854 ወፍጮው ከእጃቸው ወጣ፣ በ1855 ደግሞ ኮሌራ በአገሩ ገባ። በርናዴት በበሽታው ተይዛ ብትድንም ጤናዋ ዳግመኛ አልጸናም፤ አስሙም እስከ ሞቷ ድረስ አልለቀቃትም። በ1857 አባትና እናት ከአራት ልጆቻቸው ጋር፣ ለእስረኞች እንኳ ጤና አይሰጥም ተብሎ በተተወ አንድ ክፍል የወኅኒ ቤት ውስጥ ተጠጉ። በዚያው ዓመት አባቷ ዱቄት ሰረቀ ተብሎ ጥቂት ቀን ታስሮ፣ ማስረጃ ስለ ጠፋ ተፈታ።

ብላቴናይቱ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ማንበብም መጻፍም አታውቅም ነበር። የምትናገረው የአገሯን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ በፈረንሳይኛ የሚሰጠው የትምህርተ ክርስቶስ ጥያቄና መልስ አልገባላት ብሎ፣ እኩዮቿ ቆርበው እርሷ ገና አልቈረበችም። ከጸሎት የምታውቀው መቁጠሪያዋን የምትደግምበትን ያህል ነበር።

ለነገሩ መቁጠሪያ ከጥንቱም የተለመደው እንደ እርሷ ላሉት ነው። ገዳማውያን መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ፣ ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ መጀመሪያ አባታችን ሆይን፣ ኋላም የመልአኩን ሰላምታ በዚያው ቍጥር ይደግም ነበር፤ ቍጥሩም እንዳይጠፋው በክር የተሰካ ፍሬ ይይዝ ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው ባለ አምስት ክፍሉ መቁጠሪያ ሃምሳ ዘጠኝ ፍሬ አለው፤ ሃምሳ ሦስቱ ለመልአኩ ሰላምታ፣ ስድስቱ ለአባታችን ሆይ። በሉርድ አጠገብ በጋቭ ወንዝ ዳር ባሉት በሴን ፔና በቤታራም አካባቢ መቁጠሪያ መሥራት የታወቀ የእጅ ሙያ ነበር። ሠራተኛው ጠንካራውን ቢጫ እንጨት እያዞረ በስለት ያድቦለብለዋል፣ መካከሉን ይበሳዋል፣ ቀጭን ሽቦ ያሳልፍበትና ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ቆልምሞ ከሚቀጥለው ጋር ያያይዘዋል፤ ይህንንም ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነበር። የበርናዴትም መቁጠሪያ በጥቂት ሳንቲም የሚገዛ የድኻ መቁጠሪያ ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 ሐሙስ ዕለት ብርድ ነበር፤ በቤት ደግሞ ማገዶ አልነበረም። በርናዴት ከታናሽ እኅቷና ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ወደ ማሳቢየል ዋሻ ጭራሮ ለቀማ ሄደች። ሁለቱ ቀዝቃዛውን የወፍጮ ቦይ ተሻግረው ሲሄዱ፣ እርሷ አስሟ እንዳይነሣባት ፈርታ ወደ ኋላ ቀረችና ቆይታ ካልሲዋን ማውለቅ ጀመረች። በዚህ ጊዜ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ሰማች፤ ዛፎቹ ግን አልተነቃነቁም። ቀና ብትል በዋሻው አለት ስንጥቅ ውስጥ ነጭ የለበሰች፣ ሰማያዊ መታጠቂያ የታጠቀች፣ ነጭ መቁጠሪያ የያዘች ወጣት እመቤት አየች።

ደንግጣ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር እጇን ወደ ኪሷ መስደድ ነው። መቁጠሪያዋን አውጥታ ልታማትብ ብትሞክር እጇ ከግንባሯ አልደርስ ብሎ ወደቀ። እመቤቲቱ በራሷ መቁጠሪያ ስታማትብ ግን የበርናዴትም እጅ ተነሣ፤ ተንበርክካም መድገም ጀመረች። ኋላ ሲጠይቋት እንደ ተናገረችው፣ እመቤቲቱ ፍሬዎቹን በጣቶቿ ታሳልፍ ነበር እንጂ በሰላምታው ጊዜ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም ነበር። ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፊደል የማታውቅ ልጅ ከራሷ ፈጥራ ብትናገር ኖሮ እመቤታችን አብራ ደገመች ባለች ነበር፤ እመቤታችን ግን ለራሷ ሰላምታ ልታቀርብ አትችልም።

እስከ ጁላይ 16 ድረስ አሥራ ስምንት ጊዜ ታየቻት። ፌብሩዋሪ 25 በርናዴት በታዘዘችበት ስፍራ መሬቱን በእጇ ብትጭር ዛሬም የሚፈስሰው ምንጭ ወጣ፤ ማርች 25 እመቤቲቱ ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነሰች መሆኗን ገለጠችላት። የፖሊሱ ሹም ጠርቶ መረመራት፤ ዋሻው ለጊዜው በአጥር ተዘጋ። በ1862 የታርብ ጳጳስ ጉዳዩን በጉባኤ አስመርምረው እውነት መሆኑን አጸኑ። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የማርች 1 ቀኑ ነው።

በዚያ ቀን አንዲት የከተማው ሴት የራሷን መቁጠሪያ ሰጥታ በዋሻው እንድትደግምላት በርናዴትን ለምናት ነበር። ብላቴናይቱም እሺ ብላ የሰውየዋን መቁጠሪያ ይዛ ብትጀምር፣ እመቤቲቱ የራሷ የት እንደ ደረሰ ጠየቀቻት። በርናዴት የራሷን ከኪሷ አውጥታ ወደ ላይ ብታሳይ፣ በእርሱ እንድትደግም ነገረቻት። ከኋላ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ግን ቃሉን አልሰማም፤ መቁጠሪያ ስታነሣ ቢያይ የሚባረክ መስሎት ሁሉም የየራሱን አነሣ። በከተማይቱም መቁጠሪያ ባረከች ተብሎ ወሬ ተነዛ።

ከዚያ ወዲህ መቁጠሪያዬን ዳስሺልኝ፣ ባርኪልኝ የሚላት በዛ። እርሷ ግን ልብሰ ክህነት የማትለብስ መሆኗን እየነገረች ትመልሳቸው ነበር። በዚያው በጁላይ ወር የሞንፔልዬ ጳጳስ ሊጠይቋት መጡ። በወርቅ የተሠራ መቁጠሪያቸውን ሰጥተው የእርሷን በለውጥ ሊወስዱ ጠየቋት። በወኅኒ ቤት የምትኖረው የድኻ ልጅ የራሷን እንደምትመርጥ ተናግራ እንቢ አለች። ገንዘብም ከማንም አልተቀበለችም፤ ታናሽ ወንድሟ ከእንግዳ ሳንቲም ቢቀበል እንዲመልስ አስገድዳዋለች። ከዓመታት በኋላ ከቤተ ሰቧ ወገን በሉርድ የመቁጠሪያና የሥዕል ንግድ የጀመሩ በነበሩ ጊዜም፣ እሑድ እንዳይሸጡ አጥብቃ ታስጠነቅቅ ነበር፤ በዚያ ንግድ ባለጸጋ እንዳይሆኑም ትፈራ ነበር።

እኔ ጌጠኛ መቁጠሪያ አይገባም ለማለት አልደፍርም፤ ራሴም በአንገቴ አጥልቄ የዞርሁበት ጊዜ አለና። ወርቅና መስታወቱንም ቢሆን የሚሠራው እንደ ሴን ፔው ሠራተኛ አጐንብሶ የሚደክም ሰው ነው። ነገር ግን የአንገቱን መቁጠሪያ በእጄ ይዤ የደገምሁባቸውን ቀኖች ስቈጥር ጥቂት ሆኑብኝ።

በርናዴት በጁላይ 1866 ሉርድን ለቅቃ በኔቬር ከተማ ወደሚገኘው ገዳም ገባች፤ ስሟም ማሪ በርናር ተባለ። በዚያ ሕሙማንን ታስታምም፣ ልብሰ ቅዳሴ በጥልፍ ታስጌጥ ነበር፤ በጥልፍ እጅግ ባለሙያ ነበረች ይባላል። የታየችላትን ነገር ሰዎች እንዲያስወሯት አትወድም ነበር። በኋላ የጕልበቷ አጥንት በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ አልጋ ላይ ዋለች። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሕፃን እናቱን እየጠራ እንደሚተኛ መቁጠሪያ ይዞ መተኛትን ለእኅቶቿ ትመክር ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን 1879፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ በወንበር ላይ ተደግፋ ሳለች እኅቶቿ የመልአኩን ሰላምታ ሲደግሙ አብራ ደገመች፤ ስለ እኛ ለምኚ በሚለው ስፍራ ስለ እርሷ ስለ ድኻዋ ኃጢአተኛ እንድትለምንላት ጨምራ ጸልያ ጥቂት ቆይታ ዐረፈች።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1909 ሐኪሞችና የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ባሉበት መቃብሯ ተከፈተ። ሥጋዋ አልፈረሰም ነበር። በእጇ ያለው መስቀል አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ መቁጠሪያዋም ዝጎ ተገኘ። በ1919ና በ1925 ዳግመኛ ተመረመረ፤ ፊቷ ጠቍሮ ስለ ነበር ፊቷና እጆቿ በስስ ሰም ተሸፈኑ። ዛሬ በኔቬር የሚጐበኛት ሰው የሚያየው ያንን ሰም ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ዲሴምበር 8 ቀን 1933 ቅድስት ብለው ዐወጁ።

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት መቁጠሪያዋን ለደበቀችው እኅታችን አስነበብኋት። አንብባ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ሉርድ አልነበረም፤ የአያቷ ክር በመስቀሉ በኩል ስለ ሳሳ በሽቦ ቢለወጥ ይሻል እንደሆነ ነው። ሽቦው እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ፈርተን በክር እንዲሆን ተስማማን። ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ በፊት ይዛ ትመጣለች፤ ጠንካራ ጥቁር ክር ያለው ሰው ቢያመጣልን እናመሰግናለን።