ተጠባባቂው ቀላቢ ሞ በርግ

በትምህርት ቤት በዓል ቀን ስማቸው የሚጠራው ዋንጫ ያነሡትና በፈተና አንደኛ የወጡት ናቸው። የስፖርት ልብሱን ለብሶ፣ ተራው እስኪደርስ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለውን ተጫዋች የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ እኛ የመረጥነው፣ ከጨዋታ ዘመኑ የሚበዛውን በተጠባባቂነት ያሳለፈውን የአሜሪካዊውን የሞ በርግን የሕይወት ታሪክ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ሞሪስ በርግ፣ በአጭር መጠሪያው ሞ፣ ማርች 2 ቀን 1902 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱና እናቱ ከዩክሬይን ምድር ወደ አሜሪካ የፈለሱ አይሁድ ነበሩ። አባቱ በርናርድ በኒው ጀርሲ በኒዋርክ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፍቶ፣ ከጧት እስከ ማታ እየሠራ ሦስት ልጆቹን አስተማረ። ሞም የአባቱን ድካም ከንቱ አላደረገም። በስመ ጥሩው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ላቲን፣ ግሪክ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ሳንስክሪት አጥንቶ በ1923 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት የብሩክሊን ቡድን በቤዝቦል ተጫዋችነት ሊቀጥረው ጠየቀው፤ እርሱም ተስማማ። አባቱ በዚህ አጥብቆ አዘነ። ልጁ ጠበቃ እንዲሆን ይመኝ ስለ ነበረ፣ ኳስ መጫወት ለተማረ ሰው የሚገባ ሥራ መስሎ አልታየውም። ሞ አባቱን ለማስደሰት ኳሱን ሳይተው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ዲግሪውንም በ1930 ዓ.ም. ተቀበለ። ጨዋታ በማይኖርበት የብርድ ወራትም በኒውዮርክ በሕግ ጉዳይ ቢሮ ይሠራ ነበር። አባቱ ግን በ1942 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ልጁ ሲጫወት አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አላየውም።

በመጀመሪያ የነበረበት ቦታ የቀላቢነት አልነበረም። ሜዳ ላይ ኳስ መያዝና መወርወር ቢያውቅም፣ መምታት ስለማይሆንለት ወደ ታናናሾቹ ቡድኖች ወረደ። በ1926 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ኋይት ሶክስ ገባ። በ1927 ዓ.ም. የቡድኑ ቀላቢዎች በተከታታይ እየተጎዱ ሲወጡ፣ የሚተካቸው ሰው በመጥፋቱ ሞ በርግ ያልለመደውን ሥራ ያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መተዳደሪያው ይኸው ሆነ።

የዚህን ሥራ ጠባይ ላላየ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። በቤዝቦል ጨዋታ ወርዋሪው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን መቺም በዱላ ሊመታት ይሞክራል። በእንግሊዝኛ ካቸር የሚባለው፣ እኛ ቀላቢ ያልነው ተጫዋች፣ ፊቱን በብረት መከለያ ሸፍኖ ከመቺው በስተኋላ ቁጢጥ ይልና ያልተመታችውን ኳስ በቆዳ ጓንቱ ይቀልባል። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረውር በጣቶቹ በምስጢር የሚያመለክተውም እርሱ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን መቺ ብርታትና ድካም አጥንቶ በልቡ መያዝ አለበት። ከጓደኞቹ መካከል ሜዳውን በሙሉ ከፊት ለፊቱ የሚያየው እርሱ ብቻ ነው። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ግን ኳሷን አርቆ ለሚመታ ሰው ነው።

ሞ በርግ በዚህ ሥራ ሠለጠነ። የኋይት ሶክሱ ታላቅ ወርዋሪ ቴድ ላየንስ ኳሱን እርሱ ሲቀልብለት ደስ ይለው ነበር። በ1929 ዓ.ም. በ107 ጨዋታዎች ተሰልፎ ከዘመኑ ሁሉ የበለጠውን ሠራ። ይሁን እንጂ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያም ወዲያ መደበኛ ተሰላፊ መሆኑ ቀረ። ወደ ክሊቭላንድ፣ ወደ ዋሽንግተን፣ በመጨረሻም ወደ ቦስተን ተዘዋወረ። በቦስተን ባሳለፋቸው 5 ዓመታት 50 ጨዋታ የሞላበት አንድ ዓመት እንኳ የለም። በ15 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው የተሰለፈው በ663 ጨዋታዎች ነው፤ ከ100 ሙከራም የሚሳካለት 24 ያህሉ ብቻ ነበር። ታዲያ ስለምን አላሰናበቱትም ቢባል፣ መልሱ በመከላከሉ ነው። ከ1932 እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በ117 ተከታታይ ጨዋታዎች አንድም የቀላቢነት ስሕተት ሳይሠራ ቆይቶ፣ በአሜሪካን ሊግ የዚያን ጊዜ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ። በወንበር ላይ ሰንብቶ ድንገት ለሚጠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1934 ዓ.ም. ከስመ ጥሩው ቤብ ሩት ጋር ለጨዋታ ወደ ጃፓን ሄዶ ሳለ፣ ቶኪዮ ከሚገኝ አንድ ረጅም ሆስፒታል ሰገነት ላይ ወጥቶ ከተማዋን በፊልም አነሣ። ጨዋታውን ካቆመና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተነሣ በኋላም፣ በ1943 ዓ.ም. ኦ.ኤስ.ኤስ. በሚባለው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። የተማራቸው ቋንቋዎች አሁን ጠቀሙት።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የደረሰበት በዲሴምበር 1944 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ነው። ታላቁ የጀርመን የፊዚክስ ሊቅ ቬርነር ሃይዘንበርግ በዚያ ንግግር ያደርግ ነበር። አሜሪካኖች ጀርመን የአቶሚክ ቦምብ ልትሠራ ተቃርባለች ብለው ይፈሩ ስለ ነበረ፣ በርግ ሽጉጡን በኪሱ ይዞ ከአድማጮቹ መካከል እንዲቀመጥ ላኩት። ከሊቁ አነጋገር ቦምቡ መቃረቡን ከተረዳ እንዲገድለው ታዝዞ ነበር። በርግ አዳመጠ፤ የሰውየውን ሁኔታ ተመለከተ፤ ለመግደል የሚያበቃ ምክንያት ግን አላገኘም። ሽጉጡም ከኪሱ አልወጣም። ፍርዱ ትክክል እንደ ነበረ ጦርነቱ ሲያልቅ ታወቀ፤ ጀርመን ለቦምቡ ገና ሩቅ ነበረች።

እኛ ይህን ስናነብ ያ የቀላቢነት ዘመን ትዝ ይለናል። ቀላቢ ያያል፣ ይመዝናል፣ ምስጢር ይጠብቃል፤ ሳይቸኩልም ይወስናል።

በጀግና ታሪክ ሁሉ ነገር ያማረ ነው ብለን ግን አናታልልም። በርግ ከጦርነቱ በኋላ ቋሚ ሥራ አልያዘም፤ ሚስትም አላገባም፤ መጀመሪያ በወንድሙ፣ በኋላም በእኅቱ ቤት ተጠግቶ ኖረ። መንግሥት የነጻነት ኒሻን ቢሰጠው አልቀበልም አለ፤ ኒሻኑን ከሞቱ በኋላ የተቀበለችለት እኅቱ ናት። ሜይ 29 ቀን 1972 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ አረፈ።

አባቱ የኳስ ሜዳውን ቢጎበኝ ኖሮ፣ ልጁ ትምህርቱን እንዳልጣለው ባየ ነበር ብለን እናስባለን። ወላጆቻችን ይህን እንዲያስቡልን እንጠይቃለን። እኛ ተማሪዎች ደግሞ፣ ዛሬ ስማችን ባይጠራና ተራችን ቢዘገይ፣ በወንበር ላይ የምናሳልፈውን ጊዜ በማየትና በመማር እንጠቀምበት። ሰው በምን ሰዓት እንደሚጠራ አያውቅምና።