ዮሐንስ ኬፕለር፤ ዓይኑ ደክሞ ሳለ የዓይንን ሥራ የገለጠ ሰው

በቢቸና አቅራቢያ በምትገኘው በዲማ ጊዮርጊስ፥ እንደዚሁም በሞጣ ጊዮርጊስ፥ መጽሐፍ ሲነበብ የተመለከተ ልጅ ሁለት ነገር ያስተውላል። ሽማግሌው ካህን መጽሐፉን ከዓይናቸው ያርቁታል፤ አንዳንዱ ተማሪ ግን አፍንጫው ገጹን እስኪነካ ድረስ ያጐነብሳል። ሽማግሌው መነጽር ባደረጉ ጊዜ ፊደሉ ይጠራላቸዋል። መነጽር ዓይንን እንዴት እንደሚረዳ አጥርቶ ያስረዳው ዮሐንስ ኬፕለር የሚባል የጀርመን አገር ሊቅ ነው። የሚያስደንቀውም ነገር፥ ይህ ሰው ራሱ ዓይነ ደካማ መሆኑ ነው።

ኬፕለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1571 ዓ.ም. ቫይል ዴር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነግሠው ነበር። አባቱ ለደመወዝ በሰው አገር የሚዋጋ ወታደር ስለ ነበረ ከቤቱ ይርቅ ነበር። ኬፕለር ገና ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም እጆቹ ተጐዱ፥ ዓይኖቹም ፈዘዙ። ሩቁን ነገር አጥርቶ አያይም ነበር፤ አንዱም ነገር ብዙ ሆኖ ይታየው ነበር። ይህ ፈንጣጣ በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ በክትባት ኃይል ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የተነገረው በ1980 ዓ.ም. ነው።

በ1577 ዓ.ም.፥ ኬፕለር የ5 ዓመት ልጅ ሳለ፥ እናቱ ካታሪና ወደ ከፍተኛ ስፍራ ይዛው ወጥታ ጅራታም ኮከብ አሳየችው። እርሱም ያንን ነገር ካደገ በኋላ እንኳ አልረሳውም። ትምህርቱንም በትጋት ይከታተል ስለ ነበረ፥ በእርዳታ እየተማረ በ1589 ዓ.ም. ቱቢንገን ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሳቡ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን በ1594 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር ሆኖ ወደ ግራትስ ከተማ ተላከ።

ከዋክብትን የሚመረምር ሰው ዓይኑ የጠራ ሊሆን ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። ኬፕለር ግን ስለ ዓይኑ ድካም ተስፋ አልቈረጠም። በ1600 ዓ.ም. ወደ ፕራግ ሄዶ ቲኮ ብራሄ ከሚባለው የዴንማርክ ሊቅ ጋር ሠራ። ቲኮ የከዋክብትን ስፍራ ብዙ ዓመት እየተመለከተ በጽሕፈት አኑሮ ነበር። እርሱ በ1601 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፥ ኬፕለር በሌላው ሰው ዓይን የታየውን በራሱ ልቡና መረመረ። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩበት መንገድ ፍጹም ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑንም በ1609 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገለጠ።

ከዚህ አስቀድሞ በ1604 ዓ.ም. ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን ጽፎ ነበር። መነጽር በኢጣልያ ከተሠራ 300 ዓመት ያህል አልፎት ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚረዳበትን ምክንያት አጥርቶ ያስረዳ ሰው አልነበረም። ኬፕለር ግን እንዲህ አስረዳ። ብርሃን በብሌን በኩል ወደ ዓይን ይገባል፤ በዓይንም ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ የሚታየውን ነገር ሥዕል ገልብጦ ያሳርፋል። ሥዕሉ በሽፋኑ ላይ በትክክል ካላረፈ ነገሩ ይደበዝዛል። ቅርቡን አይቶ ሩቁን ለማያይ ሰው መካከሉ የሳሳ መስተዋት ይረዳዋል። ሩቁን አይቶ ቅርቡ ለሚደበዝዝበት ግን መካከሉ እንደ ምስር ፍሬ የወፈረ መስተዋት ይረዳዋል። እንዲህ ያለው መስተዋት ሌንስ ይባላል፤ ቃሉም በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ታላቅ መከራ አገኘው። በ1615 ዓ.ም. አንዲት ሴት የኬፕለር እናት ባጠጣችኝ መጠጥ ታመምሁ ብላ ከሰሰች፤ ካታሪናም አስማተኛ ተባለች። በ1620 ዓ.ም. ተይዛ፥ ከ70 ዓመት በላይ የሆናት ባልቴት 14 ወር ታሰረች። ቢፈረድባት ቅጣቷ ሞት ነበረ። ኬፕለር ከሚኖርበት ከሊንትስ ከተማ መጥቶ ክሱን አንድ በአንድ መረመረ፤ የሰዎቹ ደዌ ከተፈጥሮ ምክንያት የመጣ መሆኑንም በጽሕፈት አስረዳ። በ1621 ዓ.ም. እናቱ ነጻ ወጣች። እርሱም በ1630 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ሬገንስቡርግ በምትባል ከተማ ዐረፈ።

ደዌ በመጣ ጊዜ ምክንያቱን ትቶ ሰውን መክሰስ በጀርመን አገር ብቻ የነበረ ስሕተት አይደለም። በቢቸናና በሞጣም የልጅ ዓይን ሲታመም ቡዳ በልቶታል ብሎ ሸማኔውን ወይም ሸክላ ሠሪዋን የሚጠረጥር ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ጎረቤትን ይበድላል እንጂ ዓይንን አያድንም። በአማራ አገር ብዙ ዓይን የሚያጠፋው ማዝ የሚባለው በሽታ ነው። እርሱም በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል። ደጋግሞ በያዘ ጊዜ የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን ይወጋል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። የታጠፈውን ቆብ የሚያቀናው ሐኪም ነው፤ የዓይን ሞራንም የሚያወጣው ሐኪም ነው። ለእነዚህ መነጽር መድኃኒት አይሆንም። መነጽር ለሚረዳው ዓይንም ቢሆን በሐኪም ተለክቶ ይታዘዛል እንጂ ከጎረቤት አይዋሱትም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ፊታችሁን ዘወትር በንጹሕ ውኃ ታጠቡ። በሰሌዳ የተጻፈው ቢደበዝዝባችሁ አትፈሩ፥ አትፈሩም ዘንድ ኬፕለርን አስቡ፤ ለመምህራችሁና ለወላጆቻችሁም ንገሩ። ጓደኛችሁ ፊደሉን ቢስት ከመሳቃችሁ በፊት ታይቶት እንደ ሆነ ጠይቁት። የዓይን ድካም የልብ ድካም አይደለምና።