ገርማሜ ነዋይ፦ በመጥፎ አለቃ ሥር ያለፈ ሕይወትና ለአመራር የሚሰጠው ትምህርት

በብስራተ ገብርኤልና በአካባቢው የሚኖር ሠራተኛ በየዕለቱ ሳያስበው የሚጠራው አንድ የቦታ ስም አለ። ይኸውም ኦልድ ኤርፖርት፣ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው ነው። ታክሲ ሲሳፈርም፣ ለእንግዳ አቅጣጫ ሲያመለክትም ይህን ስም ያነሣል። ቦሌ ሥራ ሳይጀምር አዲስ አበባ በአየር ከዓለም ጋር የምትገናኘው በዚህ ሜዳ በኩል ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከብራዚል ጉዞው በአሥመራ በኩል ሲመለስ ያረፈውም እዚሁ ነበር። በዚያች ዕለት ከተማይቱ የሞቱትን ገና አንሥታ አልጨረሰችም። የተኩሱን ዘመቻ ካቀነባበሩት ዋነኛው ሰው ደግሞ በጥቂት ተከታዮች ታጅቦ ከከተማይቱ ወጥቶ እየሸሸ ነበር። ይህ ሰው ገርማሜ ነዋይ ነው።

የገርማሜ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከሞቱ ተነሥቶ ነው። ለሠርቶ አደሩና በየመኖሪያ አካባቢው ተደራጅቶ ለሚሠራው ሕዝብ ግን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የሥራ ዘመኑ ነው። በመጥፎ አለቃ ሥር የሚሠራ ብቁ ሠራተኛ ምን ይደርስበታል? ከዚያ አለቃስ ምን ይማራል? የተማረው ሁሉ መማር የሚገባው ነበርን? ጥያቄው ይህ ነው።

ገርማሜ በ1916 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ቤተሰብ ተወለደ። በኮተቤ በሚገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተልኮ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን አጠናቀቀ። በኮሎምቢያ ለሁለተኛ ዲግሪው የመረጠው የጥናት ርእስ የሰውዬውን የአስተሳሰብ አቅጣጫ ያመለክታል። የጻፈው የነጭ ሰፋሪዎች ፖሊሲ በኬንያ ስላስከተለው ውጤት ነበር። የኬንያ ገበሬ በገዛ አገሩ መሬት አልባ ሆኖ በሌላው እርሻ ላይ እንዴት ጉልበቱን እንደሚሸጥ ያጠና ወጣት፣ በ1946 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስ በደቡቡ የኢትዮጵያ ክፍል ያለውን ገባርና ጭሰኛ በምን ዓይን ሊመለከተው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ገርማሜ የተመደበው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ከዚህ ላይ የአለቃውን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። አለቃ ስንል አንድን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ብቻ ማለታችን አይደለም። በዘውዱ ሥርዓት ከሚኒስትር እስከ ምክትል ወረዳ ገዥ ያለው ሹም ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ የሚጠብቅ ነበርና የሁሉም የመጨረሻ አለቃ ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ይህ መንግሥት ምንም አልሠራም ማለት ከሐቅ መራቅ ይሆናል። ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ ገርማሜን ራሱን ውጭ አገር ልኮ ያስተማረው ያው መንግሥት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣም የሕዝብ እንደራሴዎች እንዲመረጡ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሚኒስትሮቹን የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበር፣ ሥልጣን ከአንድ ማዕድ ወደ ሌላ ማዕድ አልተሻገረም።

የዚህ አሠራር ዋና መሣሪያ ሹም ሽር ነበር። ለብዙ ዓመታት የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ኃይለኛ የነበረው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በ1947 ዓ.ም. በድንገት ተነሥቶ የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆኖ ተላከ። እርሱን ያየ ሌላው ሹም ትምህርቱን ወዲያው ቀሰመ። ወንበሩ የሚጸናው በሥራ ውጤት ሳይሆን በደጅ ጥናት መሆኑን ተረዳ። አንዱ ሹም የሌላውን ጉድለት ለቤተ መንግሥት ማቀበል እንደ ሥራ ተቆጠረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባልም በዚህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ የቀልድ ሳይሆን የኑሮ መመሪያ ይሆናል። ነገ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ለነገ የሚሆን ነገር አይተክልም፤ ተከለም ቢባል ለራሱ ጓሮ ነው።

ገርማሜ የወላሞ፣ ማለትም የዛሬው ወላይታ፣ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሶዶ በገባ ጊዜ ያገኘው ሁኔታ ይህ ነበር። በአውራጃው ሕዝቡ ብዙ ነው፤ መሬቱ ግን በጥቂት ባለርስቶች እጅ ተይዟል። ጭሰኛው ከሚያመርተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ከዚህም በላይ ልዩ ልዩ ግዴታ አለበት። በሌላ በኩል ሳይታረስ ጾሙን የሚያድር መሬት አለ። ገርማሜ ይህን ጦም አዳሪ መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች ማከፋፈል ጀመረ። ሕዝቡን አስተባብሮ መንገድ ማሠራቱም ይነገርለታል። ድርጊቱ ከሥልጣኑ ወሰን በላይ ስለመሆኑ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ገበሬው ግን ከአንድ ገዥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው ነገር ትእዛዝ ሳይሆን ማሳ ነበር።

ባለርስቶቹ ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ገሠገሡ። ጥሩ አለቃና መጥፎ አለቃ የሚለዩት በዚህ ሰዓት ነው። ጥሩ አለቃ አቤቱታ ሲደርሰው ከሳሽንና ተከሳሽን ፊት ለፊት ያገናኛል፤ ሰው ልኮ ቦታውን ያስመረምራል፤ ሠራተኛው ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱን ነግሮ ያርመዋል፤ ልክ ከሆነ ደግሞ ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ያደርገዋል። ለገርማሜ ከእነዚህ አንዱም አልተደረገለትም። ከወላይታ ተነሣ፤ የተነሣበት ጉዳይ ግን እልባት አላገኘም። መሬት የሌለው ገበሬ እዚያው ቀረ፤ ጥያቄውን ያነሣው ሰው ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። መጥፎ አለቃ ችግርንና ችግሩን ያሳየውን ሰው ለይቶ አያይም። ሰውዬው ከዓይኑ ሲርቅ ችግሩ የተቃለለ ይመስለዋል።

ቀጣዩ ምድብ ጅጅጋ ነበር። ከወላይታ ለምለም መሬት ወደ ሶማሌው አርብቶ አደር ቆላ መዛወር በዚያን ጊዜ የሹመት መልክ የተቀባ ግዞት እንደነበር ማንም ያውቀዋል። ገርማሜ ግን አርፎ አልተቀመጠም። በወላይታ ጥያቄው መሬት ከነበረ በጅጅጋ ውኃ ነበር። ለሰውና ለከብት የሚሆን የውኃ ጉድጓድ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንዲሠራ ጣረ። አሁንም የገጠመው ያው ግድግዳ ነበር። ገንዘብ ሲጠይቅ በቂ ምላሽ አላገኘም፤ ሐሳብ ሲያቀርብ ጥርጣሬ አተረፈ። ሁለት ጊዜ በሁለት የአገሪቱ ጫፍ አንድ ዓይነት መልስ ያገኘ ሰው፣ ጉድለቱ የአንድ ባለርስት ወይም የአንድ ሚኒስትር ሳይሆን የአሠራሩ ነው ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ትክክል ነበር።

መውጫውን በመፈለግ ረገድ ግን ጥልቁ ስሕተት ይጀምራል። ታላቅ ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበር። የጸጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ከእነርሱ ጋር ተሰለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ብራዚል እንደሄደ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ ሚኒስትሮችና መኳንንት በማታለል እየተጠሩ ተያዙ። በማግሥቱ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን አዲስ መንግሥት መቋቋሙን በሬዲዮ አነበበ። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር 1960፣ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡበት ዓመት ነበር። ነፃነቷን ጠብቃ የኖረችው ኢትዮጵያ በዕድገት ከእነርሱ ኋላ እየቀረች ነው የሚለው የአዋጁ ሐሳብ ብዙ የተማሩ ወጣቶችን ልብ ነካ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ድጋፋቸውን በሰልፍ ገለጡ።

ይሁንና ወላይታ ላይ መሬት የተቀበለው ገበሬ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አልነበረም። የአዲስ አበባ ሠራተኛም አልተማከረም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ጠመንጃ ተሸክሞ እንዲዋጋ የታዘዘው ተራ የክብር ዘበኛ ወታደር እንኳ ለምን እንደሚዋጋ በትክክል አልተነገረውም ነበር። ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥቱን ከጠላት የሚከላከሉ መስሏቸው ነበር የተኮሱት። በአንጻሩ ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ጦር ሠራዊቱንና አየር ኃይሉን ከጎናቸው አሰለፉ። የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ጽሑፍም ከአውሮፕላን በከተማው ላይ ተበተነ። ሕዝቡ ውጊያውን በየቤቱ ተዘግቶ ሰማው። ጉዳዩ የራሱ መሆኑን የነገረው አልነበረምና።

ታኅሣሥ 7 ቀን ነገሩ እንዳበቃለት በታወቀ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ። የሞቱት 15 ያህል ነበሩ። ከእነርሱም መካከል በጠላት ወረራ ዘመን አምስቱን ዓመት በአርበኝነት የታገለው ራስ አበበ አረጋይ፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድና ቀድሞ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይገኙበታል። ማንኛቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ምን አጥፍተው እንደሆነ የጠየቀም፣ መልሳቸውን የሰማም የለም።

ገርማሜ ከከተማ ወጥቶ ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አካባቢ ተከቦ ሞተ። ሬሳው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። ቆስሎ የተያዘው ወንድሙ መንግሥቱ ለፍርድ ቀርቦ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ደም የፈሰሰበት የገነተ ልዑል ግቢ በቀጣዩ ዓመት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

መጥፎ አለቃ ሥራን ከመጉዳቱ በላይ ሠራተኛን የሚጎዳበት መንገድ አለ፤ የራሱን አሠራር ያስተምረዋል። ገርማሜ የተቃወመው አለቃ ውሳኔን በጥቂት ሰዎች መካከል የሚጨርስ ነበር፤ ገርማሜም ውሳኔውን በጥቂት ሰዎች መካከል ጨረሰ። ያ አለቃ ከሳሽንና ተከሳሽን አላገናኘም፤ ገርማሜም በአረንጓዴው ሳሎን አላገናኘም። ያ አለቃ የበታቹን ለምን እንደሚታዘዝ ሳይነግር ያዝዝ ነበር፤ የክብር ዘበኛው ወታደርም ለምን እንደሚሞት ሳይነገረው ሞተ። ገርማሜ የአለቃውን ዓላማ ጠልቶ የአለቃውን ዘዴ ወረሰ። ሶዶ ላይ ከገበሬው መሐል ቆሞ የሠራው ገርማሜና አዲስ አበባ ላይ በር ዘግቶ የወሰነው ገርማሜ አንድ ሰው ናቸው። ሕዝብን የጠቀመው የመጀመሪያው ነው።

ይህ ውርስ በእርሱ አላበቃም። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲወድቅ ገርማሜ በአንድ አውራጃ የጀመረው የመሬት ጉዳይ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመላ አገሪቱ ሕግ ሆነ። ከዚያው አዋጅ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ግን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የወላይታው ማሳና የአረንጓዴው ሳሎን ጥይት ሁለቱም ወራሽ አገኙ ማለት ነው። ከቀድሞው አለቃ ዘዴ ራሱን ያላጸዳ ለውጥ አለቃን እንጂ አለቅነትን አይለውጥም።

ጉዳዩ የቤተ መንግሥት ብቻ እንዳይመስለን። በፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ፣ በግንባታው ቦታ ካቦ፣ በመኖሪያ አካባቢው የማኅበር ሊቀ መንበርና የዕድር ዳኛ አለ። ማኅተሙን በኪሱ፣ የሣጥኑን ቁልፍ በአንገቱ ይዞ የሚዞር፣ ሐሜት ሰምቶ ሰው የሚያነሣ፣ ስብሰባ ሳይጠራ ቃለ ጉባኤ የሚያስፈርም ኃላፊ ያጋጠመው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ሰው ሥር የሠራ ሁሉ ተራው ደርሶ ሲመረጥ አንድ ነገር ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ይኸውም ከዚያ ሰው የጠላሁት ወንበሩን መያዙን ነው ወይስ አያያዙን? የሚለው ነው። የጠላው አያያዙን ከሆነ የመጀመሪያ ሥራው ቁልፉን ለገንዘብ ያዡ፣ ማኅተሙን ለጸሐፊው፣ ውሳኔውን ለጉባኤው ማስረከብ ነው። ወቀሳ የሚያቀርብበትንም ሰው ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር ይልቅ ወንበር ስቦ ማስቀመጥ ነው። ይህ ቀላል አይደለም፤ በመጥፎ አለቃ ሥር የቆየ ሰው እጅ ሳያውቀው የለመደውን ይሠራልና።

ውኃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ ነው። ገርማሜ ነዋይ የነገሩን ሥር ሶዶ ላይ አገኘው፤ አዲስ አበባ ላይ ጣለው። በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ሥራው የሚያልፍ የብስራተ ገብርኤል ነዋሪ እርሱን ሲያስታውስ ለመሬት አልባው ገበሬ ስላደረገው ነገር ያክብረው። አለቃውን እየተዋጋ አለቃውን ስለመምሰሉ ግን ይጠንቀቅበት።