ቅድስት እግዚእ ኃረያ በአራስ ቤቷ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ታኅሣሥ 24 ቀን የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት በቤተ ክርስቲያናችን በድምቀት ይከበራል። በዚያ ዕለት በዐውደ ምሕረት የምንሰማው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕፃኑ ነው፤ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቅድስት ሥላሴን እንዳመሰገነ፣ አድጎም ለወንጌል እንደ ተጋ፣ በደብረ አስቦ በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ጸለየ እንሰማለን። ሕፃኑ ለምስጋና ቀና ባለ ጊዜ በማን እቅፍ እንደ ነበረ ቆም ብለን የምናስብ ግን ጥቂቶች ነን። ሕፃኑ ለምስጋና የተነሣው ከእናቱ ጡት ተመልሶ ነው። ያቺ የሦስት ቀን አራስ ቅድስት እግዚእ ኃረያ ናት። በዚህ ጽሑፍ የእርሷን ሕይወት፣ ይልቁንም ልጇን ታቅፋ ያሳለፈቻቸውን ቀናት፣ እግዚአብሔር በፈቀደልን መጠን እንመለከታለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሡን በአፋር ምድር በአዋሽ ሸለቆ፣ በመልካ ወረርና በአካባቢዋ የሚኖሩ ምእመናት እናቶች ናቸው። መልካ ወረር ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በመስኖ በሚለማ ጥጥ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ናት። ለሥራ ከደጋው ወርደው በዚያ ጎጆ የቀለሱ ምእመናን አሉ። ከእነርሱ አንዲቱ ስትወልድ ወላጅ እናቷ በሩቅ ሀገር ትሆናለች፤ ገንፎውን የሚያገነፋላት፣ አጥሚቱን የሚያፈላላት፣ በሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያሳርፋት የቅርብ ዘመድ ላይኖራት ይችላል። ሌሊቱ ሙቀት ነው፤ ሕፃኑ በአጎበር ውስጥ ይገላበጣል፤ ጠብቶ ሳይጨርስ ያንቀላፋል፤ አንቀላፋ ሲሉት ይነሣል። ሲነጋ የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማታል፤ እርሷ ግን በአራስ ቤት ናት። ቀኑ በዚህ ሁኔታ ሲደጋገም ከቤተ ክርስቲያን የራቀች፣ ጸሎቷም የተቋረጠ ይመስላታል። ኀዘኗን ለማን እንደምትናገረው አታውቅም።

ለእንዲህ ያለች እናት የቅድስት እግዚእ ኃረያ ታሪክ ቅርብ ነው፤ በሀገር አቀማመጥ እንኳ ቅርብ ነው። የከሰም ወንዝ ከሰሜን ሸዋ ከፍታ ተነሥቶ፣ የቡልጋን ምድር ዳስሶ ወደ ቆላው ይወርድና በዚሁ በመካከለኛው የአዋሽ ሸለቆ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። የቅድስቲቱ ሀገር የዝናም ውኃ እስከ ዛሬ ወደ አፋር ሜዳ ይፈስሳል።

ከጽላልሽ እስከ ዳሞት

ቅድስት እግዚእ ኃረያ የኖረችው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በሸዋ ቡልጋ፣ ጽላልሽ በሚባለው ሀገር በኢቲሳ ነው። የቀድሞ ስሟ ሣራ ይባል ነበር። በኋላ የተጠራችበት ስም፣ እግዚእ ኃረያ፣ ጌታ መረጣት ማለት ነው። ባለቤቷ ጸጋ ዘአብ ካህን ነበረ፤ የዘር ሐረጉም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም ከመጡት ካህናት ወገን እንደ ሆነ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ይተርካል። ሁለቱም በሀብት የተባረኩ፣ እጃቸው ለድኆች የተዘረጋ፣ የቅዱስ ሚካኤልን መታሰቢያ በየወሩ በ12 ቀን የሚያዘክሩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን መካንነት ለሴት ልጅ ምን ያህል ከባድ ሸክም እንደ ነበረ የሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ይረዳል።

በዚህ ኀዘን ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ። የዳሞት ገዥ የነበረውና ጣዖት ያመልክ የነበረው ሞተለሚ በጭፍራ ወደ ሸዋ ዘመተ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ሕዝቡን ማረከ። ጸጋ ዘአብ ከሚያሳድደው ወታደር ሸሽቶ ወደ ውኃ ገባ፤ ቅዱስ ሚካኤልም ጠበቀው። እግዚእ ኃረያ ግን ተማረከች። ሞተለሚ መልኳን አይቶ ሊያገባት ወደደ፤ ለሠርጉም በወርቅና በልብስ እንድትሸለም አዘዘ። እርሷ በባዕድ ምድር፣ ባሏ በሕይወት ይኑር ይሙት ሳታውቅ፣ በምትጠላው ጌጥ ተሸልማ ወደ አምላኳ ለመነች። ቅዱስ ሚካኤልም በክንፉ ተሸክሞ ወደ ሀገሯ መለሳት፤ በቤተ ክርስቲያንም ከባሏ ጋር አገናኛት። ጸጋ ዘአብ በዚያ ጌጥ ያያትን ሴት ሚስቱ ትሆናለች ብሎ ማመን አቅቶት ነበር።

ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ

ጻድቁ የተፀነሱት መጋቢት 24 ቀን፣ የተወለዱትም ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። ቅድስቲቱ ከምርኮ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ ፀነሰች ማለት ነው። የሆነባት ነገር ገና ከልቧ ሳይጠፋ፣ የተዘረፈው ሀገር ገና ሳያገግም፣ በማኅፀኗ ልጅ ተሸከመች። ስለሚወለደውም ልጅ ለባልና ለሚስት በራእይ ተገልጦላቸው ነበር፤ ለእርሷ በቤቷ ውስጥ የቆመ የብርሃን ምሰሶ፣ ለእርሱም ፀሐይና ከዋክብት ታይተዋል።

ራእይ ያየች እናት ግን ከድካም ነፃ አልሆነችም። በእንጨትና በውኃ፣ በወፍጮና በምድጃ የሚመራ ኑሮ ባለበት ዘመን ዘጠኙን ወር እንደ ማንኛዋም ሴት ተሸከመች፤ እንደ ማንኛዋም ሴት አማጠች። ቅድስና የሥጋን ሕግ የሚሽር ሆኖ የሚታየን ከሆነ የእናቶችን ተጋድሎ አናስተውለውም።

አራስ ቤት

አሁን ቀኖቹን እንቍጠር። ታኅሣሥ 24 ቀን በጾመ ነቢያት መጨረሻ ላይ ይውላል። እግዚእ ኃረያ በወለደች በአምስተኛው ቀን የጌታችን ልደት ሆነ። ታኅሣሥ አልቆ ጥር ገባ፤ ጥር 11 ቀን የጥምቀት በዓል ሆነ። የወንድ ልጅ ዐርባ ቀን የሚሞላው ደግሞ በየካቲት መባቻ ነው። ስለዚህ የካህን ሚስት የሆነችው፣ መታሰቢያ ማድረግ የለመደችው ይህች ሴት ልደትንም ጥምቀትንም በአራስ ቤት ሆና አሳለፈች። ባሏ በመቅደስ ሲያገለግል፣ ጎረቤቶቿ በዓሉን ሲያከብሩ፣ እርሷ ሕፃኗን ታጠባ ነበር።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሕፃኑ ከጡቷ ተመልሶ እጁን አነሣና አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን አመሰገነ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ምስጋናው የተሰማው በመቅደስ አይደለም፤ እናቲቱ ገና ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በማትችልበት ወቅት፣ በአራስ ቤት፣ በጭኗ ላይ ነው። ወደ ምስጋናው መሄድ ባልቻለችበት ሰዓት ምስጋናው ወደ እርሷ መጣ። የታላቁ ሐዋርያ የመጀመሪያ ምስጋና የመጀመሪያ ሰሚ በድካም ላይ ያለች አራስ ሆነች።

ዐርባው ቀን ሲሞላ ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ፍሥሐ ጽዮን ተባለ። ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም በኋላ ቅዱስ ሚካኤል የሰጠው ነው። የጽዮን ደስታ የሚል ስም ለዚያ ቤት የተገባ ነበረ፤ ለዘመናት ልጅ ያልተሰማበት፣ ከጥቂት ወራት በፊትም በጦር የተበተነ ቤት ነበርና።

የረኀቡ ዘመን

ልጅ ካደገ በኋላም የእናት ጭንቀት አያልቅም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ፍሥሐ ጽዮን ገና እናቱ የምታቅፈው ሕፃን ሳለ በሀገሩ ረኀብ ሆነ። የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሲደርስ በቤት የቀረው ዱቄት ጥቂት ነበረ። እግዚእ ኃረያ ለመታሰቢያው የምታቀርበው በማጣቷ አዘነች። ያ መልአክ ከዳሞት ያወጣት ነው፤ ስለዚህ ባዶ እጇን መቅረት ከበዳት። በሌላ በኩል የምታጠባው ልጅ አላት። የረኀብ ዘመን እናት በእንቅቡ ያለውን ዱቄት ስትመለከት ምን እንደምታስብ ያየ ያውቀዋል፤ ለዛሬ ስትሰፍር ነገን ታስባለች፤ ለልጇ ስታስቀር ድኻው በደጅ ይታያታል።

ሕፃኑም እጁን በዱቄቱ ላይ ባኖረ ጊዜ ዱቄቱ በዝቶ ከዕቃው ተትረፈረፈ። መታሰቢያው ተደረገ፤ የተራቡትም በሉ። በሰራፕታ መበለት ቤት ዱቄትን ከማለቅ የጠበቀ አምላክ በኢቲሳም ሥራውን ገለጠ። ልብ እንበል፤ ተአምሩ የተደረገው በማድ ቤት ነው፤ የተባረከውም እናት በየዕለቱ የምትነካው ዱቄት ነው።

የማረካት ሰው ፍጻሜ

ፍሥሐ ጽዮን አድጎ ዲቁናን፣ ከዚያም ቅስናን ተቀበለ። እናትና አባቱ የተዉለትን ሀብት ለድኆች አካፍሎ ወንጌልን ሊሰብክ ወጣ። የስብከቱ ጉዞም ወደ ዳሞት አደረሰው፤ እናቱ በምርኮ ወደ ተወሰደችበት ሀገር፣ ወደዚያው ወደ ሞተለሚ። የእናቱን ዕንባ ሊበቀል የሚችል ልጅ ግን የሄደው ወንጌልን ይዞ ነው። ብዙ ከተፈተነ በኋላ ሞተለሚ አምኖ ተጠመቀ፤ ስሙም ፍሥሐ ጽዮን ተባለ። በዐርባ ቀኑ ለሕፃኑ የተሰጠው ስም እናቱን ለማረካት ሰው ተሰጠ። እግዚእ ኃረያ በአራስ ቤት ያሳደገችው ልጅ የእርሷን ምርኮ በእንዲህ ያለ ምርኮ መለሰው። ልጅን በቂም ሳይሆን በጸሎት ማሳደግ ፍሬው ይህ ነው።

ለዛሬዋ አራስ

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አስቀድመን ዐርባና ሰማንያ ቀንን በትክክል እንረዳ። ይህ ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በዐርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነግረናል። ስለዚህ ቀኑ ሕፃኑ ወደ ልጅነት ጸጋ የሚገባበት የተስፋ ቍጥር ነው፤ እናቲቱም ከድካሟ የምታርፍበት ጊዜ ነው። ከእግዚአብሔር ፊት የተባረረችበት ወቅት አድርጋ የምታስብ እናት ካለች ልቧን ታሳርፍ። እመቤታችን እንኳ ሕጉን ልትፈጽም ዐርባው ቀን ሲሞላ ጌታን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ወጥታለች።

ሁለተኛም፣ ሐና ሳሙኤልን ጡት እስክታስጥለው ድረስ ለዓመታዊው በዓል ወደ ሴሎ ከመውጣት ቀርታ ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥22)። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ አልነቀፋትም። ልጅን ማጥባት፣ ማጠብ፣ በሌሊት መነሣት በእምነት ሲደረግ አገልግሎት ነው። ረጅም ጸሎት ማድረስ ያልቻለች አራስ ሕፃኗን ባነሣች ቍጥር በስመ አብ ብላ ብታማትብ፣ ሲጠባም በልቧ አምላኳን ብታመሰግን ጸሎቷ አልተቋረጠም። ስለ ጾም ደግሞ በራሷ ፍርድ ከመጨነቅ ይልቅ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያን የአራስንና የምታጠባን እናት ድካም ታውቃለች።

ሦስተኛው ቃላችን ለባሎች፣ ለጎረቤቶችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። ከእናቷ ርቃ የወለደች እኅት በአጥቢያችን ካለች እኛ ዘመዶቿ ነን። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ውኃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ጥቂት ሰዓት እንድትተኛ ሕፃኑን መያዝ ያስፈልጋል። ካህኑም ወደ ቤቷ ገብቶ ጸሎት አድርሶ ጠበል ሲረጭ ቤተ ክርስቲያን እንዳልረሳቻት ታያለች። ብርቱ ትኩሳት ወይም የደም መፍሰስ ቢያገኛት፣ ቀን ቢቈጠርም የማይለቅ ኀዘን ቢይዛት፣ ልጇን ማየት ቢያስጠላት፣ ይህን የእምነት ጉድለት ብለን አንፍረድባት። ከጸሎትና ከጠበል ጋር ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳት፤ ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ 24 ቀን የሕፃኑን ምስጋና ስንሰማ እናቲቱን እናስብ። በመልካ ወረር ሙቀትም ሆነ በቡልጋ ብርድ፣ በሌሊት ብቻዋን ነቅታ ልጇን የምታጠባ እናት ቅድስት እግዚእ ኃረያ በሄደችበት መንገድ ላይ ናት።

የቅድስት እግዚእ ኃረያ ጸሎትና በረከት፣ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቃል ኪዳን፣ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።